የክረምት ትምህርትና የመግቢያ ደንባችን

(በቀድሞ ተማሪዎች ማኅበር መገናኛ በዓል ላይ የተደረገ ንግግር)



ብዙዎቻችሁ በመልክ ላታውቁኝ ትችላላችሁ። እናንተ ሰኔ ላይ ሻንጣችሁን ይዛችሁ ስትወጡ እኛ በዝናብ እንገባ ነበር። እኔ የሰመር ተማሪ ነበርኩ። በኋላም እዚሁ በመምህርነት ስቀጠር፣ የክረምት አመልካቾችን ማስረጃ ከሚያጣሩት አንዱ ሆንኩ። ዛሬ የማወራችሁም ስለዚሁ ማጣራት ነው።

ክረምት ለምን እንደተመረጠ ላስታውስ። ከ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ በኋላ በነበረው አሠራር፣ ከ5ኛ እስከ 8ኛ ክፍል ለማስተማር ዲፕሎማ፣ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ለማስተማር ደግሞ ዲግሪ ይጠየቅ ነበር። በየወረዳው ግን በዲፕሎማ 9ኛ ክፍል የሚያስተምር ሞልቶ ነበር። እሱን ለዓመታት ከክፍል ብናወጣው ተማሪዎቹን ማን ያስተምራቸው? ስለዚህ ትምህርት ቤት ሲዘጋ፣ የእኛም ዶርም ሲለቀቅ፣ ሐምሌና ነሐሴ ለመምህሩ ተሰጡ። መደበኛው ተማሪ በአንድ ሴሚስተር የሚወስደውን ኮርስ እኛ በሁለት ወር እንጨርሰው ነበር፤ እንዲያ እያልን ክረምት በክረምት ዲግሪ ያዝን።

በእኔ ጊዜ የመግቢያ መስፈርቱ አራት ነበር፦ የዲፕሎማ ማስረጃ፣ 2 ዓመት ማስተማር፣ የሚያስተምሩትን ትምህርት መማር፣ ከትምህርት ጽሕፈት ቤት የድጋፍ ደብዳቤ ማምጣት። ሦስቱ መምህሩ ራሱ የሠራቸው ናቸው። አራተኛው ግን በሌላ ሰው እጅ ነው። ደብዳቤው አያስፈልግም አልልም፤ ወጪ የሚሸፍንና ተመልሶ ማገልገሉን የሚከታተል አካል መኖር አለበት። ችግሩ የሚመጣው ፈራሚው ስብሰባ ሲሄድ፣ ማኅተም ያዡ ሲጠፋ ነው።

አንድ ዓመት ምዝገባ በተዘጋ ማግሥት አንዲት መምህርት መጣች። ወንዝ ሞልቶ መኪናው አድሯል፤ ጫማዋ ጭቃ ብቻ ነው። ማስረጃዋን አየሁት፤ ሁሉም አለ፣ ደብዳቤውም አለ፣ ማኅተም ግን የለውም። “ጋሼ፣ ስልክ ደውለው ያረጋግጡልኝ” አለችኝ። “ደንብ ነው እህቴ፣ ለከርሞ ነይ” አልኳት። ወረቀቶቿን በፌስታል ጠቅልላ ወጣች። በከርሞው ዝርዝሩን ፈለግሁ፣ ስሟ የለም። ከዚያ በኋላም አላየሁትም።

ከዚህ የባሰውን ልንገራችሁ። እኔ ራሴ ስመዘገብ ደብዳቤዬ አልደረሰም ነበር። አንዲት የሬጅስትራር ሠራተኛ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ “ግባ ልጄ፣ በ15 ቀን ውስጥ ካላመጣህ እራሴ ነኝ የማስወጣህ” ብለው መዘገቡኝ። ደብዳቤው በ9ኛው ቀን መጣ። እኔ በዚያ በር ገብቼ፣ እዚያው በር ላይ ስቆም ዘጋሁት።

አሁን በሥራ ላይ ያላችሁ መምህራን፣ ሦስት ነገር እለምናችኋለሁ። አንደኛ፣ የክረምቱ ማስታወቂያ ሰኔ ላይ ሳይሆን መጋቢት ላይ ይውጣ፤ ያኔ መንገዱም ደረቅ ነው፣ ቢሮውም ሰው አለው። ሁለተኛ፣ ደብዳቤ ብቻ የጎደለው አመልካች በጊዜያዊነት ይመዝገብ፤ የ15 ቀን ገደቡ ግን በደንቡ ላይ ይጻፍ፣ በደግ ሠራተኛ ዕድል ላይ አይንጠልጠል። ሦስተኛ፣ አልተቀበልንህም የሚባል ሰው ምክንያቱን በጽሑፍ ይያዝ፤ ለከርሞ ምን ይዞ እንደሚመጣ ይወቅ።

እኛ የቀድሞ ተማሪዎችም በየዞኑ አለን። ብዙዎቻችን ርዕሰ መምህር፣ ሱፐርቫይዘር፣ የጽሕፈት ቤት ኃላፊ ሆነናል። ያን ደብዳቤ የሚፈርመው ዛሬ ከእኛው አንዱ ነው። እባካችሁ ጠረጴዛችሁ ላይ አይደር።

ደንብ ይላላ አላልኩም። ያልተማረውን እንደተማረ አድርገን ብናስገባ የሚጎዳው ክፍል ውስጥ የሚጠብቀው ልጅ ነው። ግን ያቺ መምህርት ስትመለስም የተጎዳው ያው ልጅ ነው።