ቅርፊቱን ተወው

ዛሬ ከቀራንዮ ታክሲ ስትሳፈሩ፣ በቅርቡ ክንዱን የተነቀሰ ወጣት አጠገባችሁ ይቀመጥ ይሆናል። ያሳክከዋል። እጁ ወደ ቅርፊቱ ይሄዳል።

ወንድሜ፣ አትከክ። ቅርፊቱን አትላጥ፤ ቀለሙን ይዞት ይነሳል። እጅህን ታጠብ፤ ንቅሳቱን በንጹሕ ውሃና በለስላሳ ሳሙና አጽዳው፤ ሳትፈትግ አድርቀው፤ ከፀሐይ ጠብቀው። ከዚያ ተወው።

አንገታቸውን በመርፌና በጥላሸት የተነቀሱ እናቶቻችንም መርፌውን ችለው፣ እስኪሽርም ታግሠዋል። ትዕግሥታቸው ያስቀናኛል። እኛ ትናንት የታረቅንበትን ጠብ እንኳ ዛሬ ጠዋት እንነካካዋለን። ተዉት፤ ይሻር።

አንተ ግን ወንድሜ፣ መግል ከቋጠረ ወይም ትኩሳት ከያዘህ አትታገሥ። ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ ሂድ።