ከባሕር ሥር ቆጠራ
ሰዓቱ አጭር ነውና ስለ አንድ ቆጠራ ብቻ ላውራ። በአሜሪካ ዋሽንግተን ስቴት፣ በሳን ሁዋን ደሴቶች፣ ከዓለት ጋር ተጣብቆ የሚኖር አባሎኒ የሚባል ባለ ዛጎል የባሕር ቀንድ አውጣ አለ። ጠላቂዎች እ.ኤ.አ. ከ1992 ጀምሮ በ10 ቋሚ ቦታዎች እየተመላለሱ ቆጥረውታል። መልቀሙ በ1994 ቢከለከልም፣ እስከ 2017 ድረስ ቁጥሩ ከ95 በመቶ በላይ ወረደ።

ታዲያ እነዚያ ቦታዎች ሲጀመር የተመረጡት አባሎኒ ስለነበረባቸው ነው። እዚያ ሲጠፋ፣ አልቆ ነው ወይስ ሌላ ቦታ ሄዶ? ስለዚህ በዕጣ የወጡ ቦታዎችም ይጨመሩ እላለሁ። ባዶ ሆነው ቢገኙ ዜሮው ይመዝገብ (ጠላቂ ዜሮ መጻፍ አይወድም!)። ግልገሎቹ ደግሞ በድንጋይ ስንጥቅ ይደበቃሉ፤ አንዱ ጠላቂ የቆጠረውን ቦታ ሌላው፣ ውጤቱን ሳያይ፣ ደግሞ ይቁጠረው። ስንት እንዳመለጠን የምንገምተው እንዲያ ነው።

ለእኔ ግን ዋናው ርቀት ነው። ወንዱም ሴቷም ዘራቸውን ውኃ ላይ ስለሚለቁ፣ ተራርቀው ከተቀመጡ ዘሩ አይገናኝም፤ እንስሶቹ በሕይወት እያሉ መራባቱ ይቆማል። አማካይ ቁጥር ይህን አያሳይም። ጠላቂው ሜትሩን ይዞ፣ ከእያንዳንዱ አባሎኒ እስከ ቅርብ ጎረቤቱ ድረስ ይለካ። በማራቢያ ጣቢያ ያደጉት ግልገሎችም ወደ ባሕሩ ሲመለሱ ተጠጋግተው የሚቀመጡት ለዚሁ ነው።