ዐዲስ ሥራ በየትኛው ወንበር ይቀመጥ?
(በሬዲዮ የተሰጠ ንግግር)



የዛሬው ንግግራችን ስለ ኮምፒዩተር ነው። ይሁን እንጂ ነገሩ ለመንግሥት ሠራተኛ እንግዳ አይደለም፤ የምደባና የዝውውር ጉዳይ ነውና።

ዛሬ በየመሥሪያ ቤቱ የሚሠራበት ኮምፒዩተር ከአንድ በላይ ፕሮሰሰር አለው። ፕሮሰሰር ማለት የታዘዘውን ስሌት የሚፈጽም የመኪናው ክፍል ነው። በተራው ኮምፒዩተር ውስጥ አራት ወይም ስምንት ይገኛሉ፤ ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ በሚያገለግለው በሰርቨር ውስጥ ግን ቍጥራቸው ከመቶ ሊያልፍ ይችላል። ለእነዚህ ሁሉ ሥራ የሚያከፋፍለው ኦፐሬቲንግ ሲስተም፣ በአማርኛም ሥርዐተ ክወና የተባለው ነው። አንድ ፕሮግራም በተከፈተ ቍጥር ዐዲስ ሥራ ይወለዳል፤ ይህም ሂደት ይባላል። እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው፤ ዐዲስ የተወለደው ሂደት ለየትኛው ፕሮሰሰር ይሰጥ?

«ሥራ ፈትቶ ለተቀመጠው ነዋ!» የሚል አይጠፋም። መልሱ ግማሽ እውነት አለበት። የቀረውን ግማሽ ለመረዳት በሐሳብ እስከ ማንቡክ እንሂድ።

ማንቡክ በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል፣ በመተከል ዞን፣ የዳንጉር ወረዳ ዋና ከተማ ናት። የክልሉ ርእሰ ከተማ አሶሳ ነው። ሁለቱ ከተሞች በአንድ ክልል ቢተዳደሩም በመካከላቸው ዐባይ ይፈስሳል፤ መተከል ከወንዙ በስተሰሜን፣ አሶሳ በስተደቡብ ይገኛሉ። አሁን፣ ለምሳሌ ያህል፣ በማንቡክ እጁን አጣጥፎ የተቀመጠ አንድ ጸሐፊ አለ እንበል። በአሶሳ ያሉት ጸሐፊዎች ግን ሥራ በዝቶባቸዋል። አንድ ዐዲስ ጉዳይ መጣ፤ መዝገቡ ያለው በአሶሳ ነው። ጉዳዩ ለማንቡኩ ጸሐፊ ቢሰጥ፣ ሰውየው ለእያንዳንዱ ገጽ መልእክተኛ ወንዝ ሊያሻግር ነው። ከሩቅ ለሚያየው ሥራ የያዘ ይመስላል፤ ጉዳዩ ግን አይራመድም።

በትልልቆቹ ሰርቨሮች ውስጥም ይኸው ወንዝ አለ። ፕሮሰሰሮቹ በቡድን የተከፈሉ ሲሆኑ፣ እያንዳንዱ ቡድን በአጠገቡ የራሱ ሜሞሪ፣ ማለትም የራሱ መዝገብ ቤት አለው። ከቅርቡ መዝገብ ቤት ማንበብ ፈጣን ነው፤ ከሌላው ቡድን ማንበብ ግን ይዘገያል። ከዚህም በላይ እያንዳንዱ ፕሮሰሰር ካሽ የምትባል ትንሽ መሳቢያ አለችው። አዘውትሮ የሚፈልገውን ወረቀት በእርሷ ውስጥ ያኖራል። ሥራው ወደ ሌላ ፕሮሰሰር በተዛወረ ጊዜ መሳቢያዋ ወደ ኋላ ትቀራለች፤ ዐዲሱ ወንበር ባዶ መሳቢያ ይዞ እንደ ገና ይጀምራል።

ስለዚህ ሥራ መዳቢው ሁለት ተቃራኒ ግዴታዎች አሉበት። በአንድ በኩል ሥራውን አካፍሎ ማንም ሥራ ፈት እንዳይሆን ማድረግ አለበት። በሌላ በኩል ሥራውን ከመዝገቡ እንዳይለይ መጠበቅ አለበት።

እነዚህን ሁለቱን ለማስታረቅ ከሁሉ የሚመቸው ሰዓት የልደት ሰዓት ነው። ሊኑክስ በተባለው ሥርዐተ ክወና፣ ከእርሱም በቀደመው በዩኒክስ፣ ዐዲስ ሂደት የሚወለደው የወላጁ ቅጂ ሆኖ ነው፤ በመጀመሪያም የወላጁን መዝገብ በጋራ ያነባል። ብዙ ጊዜ ግን ወዲያው ያንን ሁሉ ትቶ የራሱን ዐዲስ ፕሮግራም ይጭናል። በዚያች ቅጽበት ጓዙ እጅግ ጥቂት ነው። ወደ ማንቡክ የሚሄድ ዐዲስ መምህር ቤት ከመከራየቱና ልጆቹን ትምህርት ቤት ከማስገባቱ በፊት የምደባ ደብዳቤ ቢደርሰው፣ ዝውውሩ ለእርሱም ለመንግሥትም አይከብድም። ከሦስት ዓመት በኋላ ቢዛወር ግን ኪሳራው የሁለቱም ነው። ሂደትም እንዲሁ ነው። ሜሞሪውን የሚያገኘው ባመዛኙ ሥራ ከጀመረበት ቡድን ስለሆነ፣ በልደቱ ሰዓት የተሳሳተ ምደባ ለረጅም ጊዜ ሊከተለው ይችላል።

ነገር ግን ለሁሉ የሚስማማ አንድ ደንብ የለም። ብዙ ሜሞሪ ይዞ ለሰዓታት የሚሠራ ከባድ ሥራ፣ ገና ሲወለድ ሥራ ወደ ቀለለበት ቡድን ቢላክ ይጠቀማል። በቅጽበት ተወልዶ በቅጽበት የሚያልፍ ጥቃቅን ሥራ ግን ከወላጁ አጠገብ ቢቀር ይሻላል፤ ቦታ ሲፈለግለትና ሲጓጓዝ ዕድሜው ያልቃልና። ሥራ መዳቢው ደግሞ የሂደቱን ዕድሜ አስቀድሞ ሊያውቅ አይችልም። ባለሙያዎች ይህን ክፍል ደጋግመው ያደሱት ስለዚህ ነው። እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ2007 ሊኑክስ ዐዲስ ሥራ መዳቢ ተቀበለ፤ በ2023ም የመዳቢው ዋና ደንብ በሌላ ተተካ።

አንድ ተጨማሪ ማስረጃ ላቅርብ። በ2016 በፈረንሳይ፣ በስዊዘርላንድና በካናዳ የሚሠሩ ተመራማሪዎች የሊኑክስን ሥራ መዳቢ መርምረው ነበር። ያገኙትም የሚያስገርም ነው፤ ሥራዎች ተሰልፈው ሲጠብቁ ሳለ አንዳንድ ፕሮሰሰሮች ባዶአቸውን ይቀመጡ ነበር። ከምክንያቶቹ አንዱ አማካይ ቍጥር ነበር። መዳቢው የቡድኖቹን ጭነት በአማካይ ያነጻጽር ስለ ነበር፣ በአንድ ቡድን ውስጥ አንድ እጅግ ከባድ ሥራ ካለ የቡድኑ አማካይ ከፍ ይላል። በዚያው ቡድን ውስጥ ያሉት ሥራ ፈቶች በአማካዩ ተሸፍነው ከዐይን ተሰወሩ። ተመራማሪዎቹ በአማካዩ ፈንታ ዝቅተኛው ጭነት እንዲታይ ባደረጉ ጊዜ፣ የሊኑክስን ፕሮግራም ራሱን የማሰናዳቱ ሥራ በ13 በመቶ ያህል አጠረ። አንድም ዐዲስ ፕሮሰሰር አልተገዛም።

ከዚህ ነገር ለመንግሥት ሠራተኛ የሚተርፍ ትምህርት አለ። ሰርቨሩ በዘገየ ጊዜ ዐዲስ መኪና እንዲገዛ በጀት ከመጠየቅ በፊት፣ ያለው ሥራ እንዴት እንደ ተከፋፈለ ይመርመር። ባለሙያው የእያንዳንዱን ፕሮሰሰር ጭነት ለየብቻ ይመልከት፤ በድምር ቍጥር አይታለል። የሥራውን ጠባይ የሚያውቅ ባለሙያ ከባዱን ሥራ ለአንድ ቡድን ብቻ መመደብ ይችላል፤ ሥርዐተ ክወናው ይህን ይፈቅዳልና። ማስተካከያም ሲያደርግ አንድ ነገር ብቻ ይለውጥ፤ ከለውጡ በፊትና በኋላም ይለካ። ሥራው ሲለወጥ የቀድሞውን ትእዛዝ መሻር አይርሳ፤ የትናንቱ ምደባ ለዛሬው ሥራ እንቅፋት ይሆናልና።

እነዚህ ቅጽበቶች ተደማምረው በአገልግሎት መስኮት ፊት የሰው ሰዓት ይሆናሉ። ከዳንጉር ቀበሌዎች አንድ ማስረጃ ለማውጣት በእግሩ ወደ ማንቡክ የመጣ ገበሬ በመኪናው ውስጥ ያለውን ወረፋ አያይም፤ የሚያየው የመሸበትን ቀን ነው። የበጀት ገንዘብ የወጣበት ፕሮሰሰር ሥራ ፈትቶ ሳለ ያ ሰው «ነገ ተመለስ» ቢባል፣ ጥፋቱ የምደባ እንጂ የመኪና እጥረት አይደለም።