በብዕር ማደር፦ በቅሬያችን ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር


ስለ ሥራችን ጥቂት እንድንናገር ሰብሳቢው ስላዘዙን ቀርበናል። እኛ ማመልከቻ ጸሐፊዎች ነን። ደመወዝና ጡረታ የለንም። ከፍርድ ቤቱ በር አጠገብ ጠረጴዛ ዘርግተን፥ ዱሮ በእጅና በታይፕራይተር፥ ዛሬ በኮምፒዩተር፥ የሰውን ጉዳይ በወረቀት እያሰፈርን እንተዳደራለን። አንዳንዱ ራፖር ጸሐፊ ይለናል፤ አንዳንዱ ደግሞ ነገር ሠሪ። ሁለተኛውን ስም አንቀበልም።

በብዕር ማደር ለሐይቅ ሰው እንግዳ አይደለም። በ13ኛው መቶ ዓመት አባ ኢየሱስ ሞዓ በሐይቅ እስጢፋኖስ ሲያስተምሩ ገዳሙ የመጻሕፍት ቤት ነበር። ቁም ጸሐፊው ብራና ፍቆ፥ ቀለም በጥብጦ፥ መቃ ቀርጦ፥ በትእዛዝ ይጽፍ ነበር። ሥራው ከተበላሸ ብራናው ይፋቃል፤ የእኛ ስሕተት ግን መዝገብ ቤት ከገባ በኋላ በቀላሉ አይፋቅም።

ቃል ምን ያህል እንደሚከብድ ለማወቅ ደግሞ ሩቅ መሄድ አያሻም። ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ አምባሰል ውስጥ ውጫሌ አለች። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. በዚያ የተፈረመው ውል 17ኛው አንቀጽ፥ በአማርኛው ንጉሡ ከውጭ መንግሥታት ጋር በኢጣሊያ በኩል ለመነጋገር ቢፈልጉ እንደሚችሉ ሲል፥ በጣልያንኛው ግን ግዴታ ሆኖ ተገኘ። በዚህ የተነሣው ጠብ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ አደረሰ። በአንድ ቃል!

ወደ ሥራችን እንመለስ። ባሏ የሞተባት ሴት ስትመጣ ነገሩን ከአያት ከቅድመ አያት ትጀምራለች። እናዳምጣለን፤ ማዳመጥ ግማሹ ሥራ ነው። ከዚያ የምንጽፈው የተፈጸመውን፥ መቼና የት እንደሆነ፥ ምን ዳኝነት እንደምትጠይቅ ብቻ ነው። በገጽ የሚያስከፍሉ አሉ፤ እነሱ ሐተታ ያበዛሉ፥ ዳኛውም ይሰለቻል። እኛ ዋጋውን ሳንጀምር እንናገራለን፥ አንድ ቅጂም እናስቀምጣለን። ፊርማ ለማያውቅ ሰው አውራ ጣቱን ከማሳረፉ በፊት ጮክ ብለን እናነብለታለን፤ እውነት መሆኑን የሚያረጋግጠው እሱ ነውና። «ዳኛው የኛ ሰው ነው» ብሎ ደንበኛ የሚስብም ይኖራል። ለአንድ ገበያ ያዋጣዋል፤ በሁለተኛው ግን ማን ጠረጴዛው ዘንድ ይቆማል? እኛ ጠበቃ አይደለንም፤ ክርክሩ ከበድ ሲል ወደ ጠበቃ እንመራለን።

በክረምት ፍርድ ቤት እረፍት ሲወጣ ገቢያችን ይደርቃል። ያን ጊዜ የኪራይ ውል፥ ደብዳቤ፥ በቀብር ላይ የሚነበብ የሕይወት ታሪክ እንጽፋለን። የመጨረሻውን ለቅሬው አባል በነጻ ነው።

ምን አለፋችሁ፥ ዛሬ በተለይ ልናስታውቃችሁ የምንፈልገው ስለ ቀን ነው። በ1958 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ መሠረት ይግባኝ ፍርዱ ከተሰጠ በ60 ቀን ውስጥ መቅረብ አለበት። የኛ ሰው ግን በመካከሉ ለቅሶ ከደረሰበት፥ ሐዘኑ ሳይወጣ ፍርድ ቤት መሄድ ነውር ይመስለዋል። ከ60ው 40ው ካለፈ የሚቀረው 20 ነው፤ ከዚያም ላይ የፍርዱን ግልባጭ ለማውጣት ቀን ይሄዳል። በቂ ምክንያት ያለው ሰው እንዲፈቀድለት ማመልከት ይችላል፤ ዳሩ ግን ይፈቀድ አይፈቀድ ዳኛው ነው የሚያውቀው። መሬቱን ወይም ቤቱን በዚህ ያጣ ሰው አይተናል።

ስለዚህ ቅሬው ድንኳን ሲተክል፥ ከሐዘንተኛው ዘመዶች አንዱ «የተያዘ ክርክር አለ ወይ? ፍርዱ መቼ ነው የተሰጠው?» ብሎ ይጠይቅልን። ካለ ወረቀቱን ይዞ ይምጣ፤ ሐዘንተኛው ራሱ መነሣት የለበትም፥ እኛ ለቅሶ ቤት መጥተን እናስፈርመዋለን። የወራሽነት ማስረጃ ለሚጠይቁም የጋብቻና የሞት ማስረጃ፥ የልጆቹን ስም ከነዕድሜያቸው፥ የምስክሮችንም ስም አስቀድሞ ማዘጋጀት ብዙ ምልልስ ያስቀራል። ጠረጴዛችን እሑድ ባይዘረጋም ቤታችንን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ።