ከኬንት ማሳ እስከ ጓዳ ጋን፦ የእንግሊዝ ኤልና የሆፕስ ምርጫ



ጠላ በሚጠመቅበት ቤት ያደገ ሰው የጌሾን ሥራ ማንም ሳይነግረው ያውቀዋል። በእንግሊዝ ኤል የሚባለውን የቢራ ዓይነት የሚያመርረው ሆፕስ ነው። ከጌሾ ጋር የሥጋ ዝምድና የለውም፤ በረጅም እንጨትና ገመድ ላይ የሚጠመጠም ሐረግ ነው፣ ለመጥመቅ የሚፈለገውም የሴቴው አበባ ነው። ዛሬ የማወጋችሁ እንግሊዞች ይህን አበባ እንዴት እንደተቀበሉትና ኤል በቤቱ የሚጠምቅ ሰው እንዴት ሊመርጠው እንደሚገባ ነው።

የጥንቱ ኤል ሆፕስ አልነበረበትም። ሆፕስ የገባበት ቢራ ከዛሬዎቹ ቤልጂየምና ኔዘርላንድስ የተሻገረው እ.ኤ.አ. በ1400 ገደማ ሲሆን፣ ለብዙ ዘመን በባዕድ ዓይን ታይቷል። ሐኪሙ አንድሩ ቦርድ በ1542 ኤል የእንግሊዛዊ፣ ቢራ ግን የባሕር ማዶ ሰው መጠጥ ነው ብሎ ፈርዶ ነበር። ክርክሩን የረታው ሒሳብ ይመስለኛል። ሬጂናልድ ስኮት በ1574 ስለ ሆፕስ እርሻ ባሳተመው መጽሐፍ፣ ከአንድ ቡሼል ብቅል ቢበዛ 9 ጋሎን ኤል ሲወጣ፣ ሆፕስ ከገባበት ግን 18 ወይም 20 ጋሎን ጥሩ ቢራ እንደሚገኝ አስልቷል። ሆፕሱ መጠጡን ከመበላሸት ስለሚጠብቀው፣ እንዲቆይ ብሎ ብቅል በብቅል ማድረግ ቀረ። ዛሬ የምንወደው ቀለል ያለ፣ ሳያሰክር የሚያጫውት የእንግሊዝ ኤል ሥሩ እዚህ ነው።

ኬንት የሆፕስ አገር ሆነች። ፓርላማው በ1710 በሆፕስ ላይ ቀረጥ ሲጥል፣ ጠማቂዎች በሌላ መራራ ነገር እንዳይተኩት ከለከለ። በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጎልዲንግ፣ በ19ኛው ደግሞ ፈግል የሚባሉት ዝርያዎች ወጡ። ጎልዲንግ ለስላሳ መዓዛ አለው፤ ፈግል ወደ እንጨትና ወደ አፈር ሽታ ያደላል።

ታላቁ ለውጥ የመጣው ግን በኬንት ዋይ ኮሌጅ ከነበሩት ከፕሮፌሰር ኧርነስት ሳልሞን ነው። በ1916 ከካናዳ ማኒቶባ የመጣላቸውን የዱር ሆፕስ ተከሉ። ተክሉ ብዙ ሳይቆይ ሞተ፤ ከዘሩ ግን በ1934 ለገበሬ የተሰጠው ብሪወርስ ጎልድ ተገኘ። የእንግሊዝ ጠማቂዎች ሽታውን ጠልተውት ነበር። ሆኖም ዛሬ በዓለም ላይ የምሬት ኃይላቸው ከፍ ያለ ሆፕሶች አብዛኞቹ የዚያ የዱር ሐረግ ልጆች ናቸው። ለእኔ ከሆፕስ ታሪክ ሁሉ የሚደንቀው ይህ ነው።

በእንግሊዝ በቤት መጥመቅም ከ1880 ጀምሮ ፈቃድ ያስፈልገው ነበር። የገንዘብ ሚኒስትሩ ሬጂናልድ ሞድሊንግ በ1963 ፈቃዱን ሲያስቀሩ፣ ላይሸጥ እስከሆነ ድረስ ማንም በጓዳው መጥመቅ ቻለ።

ታዲያ ምን እንጥመቅ? ምሬቱ የሚመጣው አልፋ አሲድ ከሚባለው ነገር ነው፤ በውሃ ውስጥ የሚሟሟው ለረጅም ጊዜ ሲፈላ ነው። መዓዛው ግን በዚያው ፍላት ተንኖ ይጠፋል። ስለዚህ አንዱን ሆፕስ ለምሬት፣ ሌላውን ለመዓዛ መምረጥ ይበቃል። አምስትና ስድስት ዓይነት መደበላለቅ የማንንም ጠባይ አያሳይም፤ አጥብቄ እቃወመዋለሁ።

ለ23 ሊትር 4 ኪሎ ማሪስ ኦተር የተባለውን የገብስ ብቅልና 200 ግራም ክሪስታል ብቅል ውሰዱ። በ66 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ውሃ ለአንድ ሰዓት ዘፍዝፉና አጥልሉ። ጭማቂው መፍላት ሲጀምር ለምሬት ቻሌንጀር ከተባለው ሆፕስ 30 ግራም ጨምሩ፤ አንድ ሰዓት ይፍላ። ሊወርድ 15 ደቂቃ ሲቀረው ለመዓዛ 20 ግራም ጎልዲንግ አግቡ። ሲቀዘቅዝ የእንግሊዝ ኤል እርሾ ይጣልበት።

የሆፕሱ ኃይል ከዓመት ዓመት ስለሚለያይ እሽጉ ላይ ያለውን ቁጥር አንብቡ፦ 30 ግራም ያልኩት አልፋ አሲዱ 7 በመቶ ለሆነ ቻሌንጀር ነው፤ 9 በመቶ ከሆነ 23 ግራም ይበቃል። በሚቀጥለው ጠመቃ ጎልዲንጉን ብቻ በፈግል ቀይሩት፣ ሌላውን አትንኩ። ሁለቱን ጎን ለጎን ቀድታችሁ ስትቀምሱ የትኛው የእናንተ እንደሆነ ታውቃላችሁ።