ቆሮሶና የመንጠቆ ወራት

አንደኛ አቅራቢ፦ በመቻራና በጭሮ ደጋዎች ዝናሙ ወርዶ ኩሬዎች በሚሞሉበት በዚህ ወራት፣ በባሕር ማዶ ካያክ በሚባል ትንሽ ጀልባ ተቀምጠው ባስ የሚባለውን ዓሣ በመንጠቆ እንደሚያጠምዱት ሰዎች፣ እኛም ቆሮሶ የተባለውን ዓሣ ብናጠምድ ምን ይከለክለናል? የጣና ሰው በደንገል ታንኳው ከጥንት ጀምሮ ያደርገው የለምን?

ሁለተኛ አቅራቢ፦ መልካም ጠየቁ፣ ወንድሜ። ነገር ግን ወንዱ ቆሮሶ ጥልቀት በሌለው ውሃ ጎጆውን ቆፍሮ በሚጠብቅበት፣ እናቲቱም እንቁላሏን በአፏ ይዛ በምትታቀፍበት ጊዜ መንጠቆ መጣል ትውልድን መቅጠፍ ነው።

አንደኛ አቅራቢ፦ አጥምዶ መልሶ መልቀቅስ?

ሁለተኛ አቅራቢ፦ እናቲቱ ስትደነግጥ እንቁላሏን ትተፋለች፤ እርሷ ብትድንም ዘሯ ይጠፋል። በጣናም ነጭ ዓሣ በክረምት ለመራባት ወደ ጉማራና ወደ ርብ ወንዞች ሲወጣ፣ በወንዙ አፍ የተዘረጋ መረብ ስለሚጠብቀው ቍጥሩ እጅግ ተመናምኗል። አዋጅ ቁጥር 315/1995 የወጣውም የዓሣ ሀብት ሳይጠፋ እንዲያገለግል ነው።

አንደኛ አቅራቢ፦ ስለ ሐይቁ የተናገሩት እውነት ነው። በጠባብ ኩሬ ግን ቆሮሶ ያለ ልክ ተባዝቶ ምግቡ ሲያንሰው ቀጭጮ ይቀራልና፣ ያለ አጥማጅ ኩሬው ራሱ አይበጅም።

ሁለተኛ አቅራቢ፦ በዚህስ እስማማለሁ። እንግዲህ ፍርዳችን ይህ ይሁን፦ በኩሬ የበዛውን ያጥምዱ፣ በሐይቅና በወንዝ ግን የመራቢያውን ወራት ያክብሩ፤ በታንኳ የሚወጣም ሁሉ የመንሳፈፊያ ሰደርያውን አይርሳ።