ፖሊስ ቀድሞ ይደርሳል

ሐኪም ስለ ፖሊስ ዕቅድ ምን አገባት ትሉኝ ይሆናል።

እንደተመረቅሁ በተመደብኩባት ትንሽ ከተማ፣ አንድ ሌሊት ፖሊሶች እግሩን የተወጋ ወጣት በፒክአፕ አመጡልኝ። ፈጥነው ነበር የደረሱለት፤ ቁስሉን አጥብቆ የያዘለት ግን አልነበረም። ትልቅ የደም ሥር ሲቆረጥ ሰው በደቂቃዎች ውስጥ ይሞታል። አላተረፍነውም። አንዱ ፖሊስ በር ላይ ቆሞ «ምን ማድረግ ነበረብኝ?» አለኝ። ማን አስተምሮት!

አሜሪካ ኒው ጀርሲ ውስጥ ባለችው ካምደን፣ በ2012 እ.ኤ.አ. 67 ሰዎች ተገድለዋል። በ2013 የከተማዋ ፖሊስ ፈርሶ በካውንቲ ፖሊስ ተተካ። አዲሱ ፖሊስ ከያዛቸው አሠራሮች አንዱ፣ አምቡላንስ ሳይጠብቁ ቁስለኛውን በፖሊስ መኪና ሆስፒታል ማድረስ ነው።

እኛስ? የከተማ ፖሊስ የአሥር ዓመት ዕቅድ ሲወጣ የሰው ኃይል፣ መኪናና ጣቢያ ይቆጠራል። ደም ማቆምም ይቆጠር። ሥልጠናው ግማሽ ቀን አይፈጅም። ፖሊስ ግን ይዛወራል፤ ስለዚህ በየዓመቱ የሚደገም፣ በጀት የተያዘለት ይሁን።

በየከተማችን ያለውን የፖሊስ አዛዥ እናነጋግር። መምህሮቻችንም ተማሪዎቻችሁን ይዛችሁ ጣቢያ ድረስ ውጡልን።